ኮንሶል ወይስ ኮምፒውተር? የጨዋታ መሣሪያ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከአምስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ቢል፥ «ለጨዋታ የሚሻለው ፕሌይስቴሽን ነው ወይስ ኮምፒውተር?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ መስማቱ አይቀርም። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ በአምስት ኪሎ የሚማር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ለልጆቹ ስጦታ የሚፈልግ አባት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የእቁቡን ገንዘብ ይዞ ጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ወጣት ነው። ባለሱቁ ግን ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም በመደርደሪያው ላይ የሚገኘውን ዕቃ ማመስገን ነው።

ይህ ዐይነቱ መልስ ለዕለቱ ሽያጭ ቢጠቅምም ለንግዱ አይበጅም። የማይስማማውን መሣሪያ የገዛ ደንበኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃውን በኪሣራ ይሸጣል፤ ሁለተኛም ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። አስመጪውም ቢሆን ገበያው የማይፈልገውን ዕቃ አስገብቶ ከተቀመጠ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በመጋዘን ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ የሁለቱን መሣሪያዎች ጠባይ፥ ዋጋና ጥቅም ለይቶ ማወቅ ከጨዋታ ወዳዶች ይልቅ ለነጋዴው የሚያስፈልግ ሆኖ ስላገኘነው፥ ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን።

የሁለቱ መሣሪያዎች ጠባይ

ኮንሶል ማለት ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጨዋታ እንዲያጫውት የተሠራ፥ ውስጡ በፋብሪካ ተወስኖ የተዘጋ ኮምፒውተር ነው። ሠሪው ኩባንያ አንዱን ትውልድ ካወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋና ጠባዩን አይለውጠውም። የጃፓኑ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000፥ ፕሌይስቴሽን 3ን በ2006፥ ፕሌይስቴሽን 4ን በ2013፥ ፕሌይስቴሽን 5ን በ2020 ለገበያ ማቅረቡ ይህን ያስረዳል። የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ከ2001 ጀምሮ ኤክስቦክስ የተባለውን ሲሸጥ፥ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ደግሞ በእጅ ተይዞም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞም የሚሠራውን ስዊች በ2017፥ ተከታዩን ስዊች 2ን በ2025 አውጥቷል።

ኮምፒውተር ግን ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የተሰበሰቡ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት መሣሪያ ነው። ለጨዋታ ዋነኛው ክፍል ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድ ሲሆን፥ ፕሮሰሰሩ፥ ራሙና ማከማቻው ይከተላሉ። በዴስክቶፕ ላይ ከእነዚህ አንዱ ሲያረጅ እርሱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ማቆየት ይቻላል። በላፕቶፕ ግን ራሙና ማከማቻው በብዙዎቹ ላይ ቢለወጡም ግራፊክስ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለ ሆነ አይለወጥም።

ከዚህ የሚነሣው ልዩነት ግልጽ ነው። ኮንሶል ለጨዋታ ብቻ የቆመ፥ ለአጠቃቀም የቀለለና ሁለት ሰዎችን በአንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። ኮምፒውተር ጨዋታና ሥራን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ጨዋታው አንድ ሰው ብቻውን እንዲቀመጥበት የታሰበ ነው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

የኮንሶል ዋጋ ከተመሳሳይ ጉልበት ካለው ኮምፒውተር ዝቅ ብሎ መታየቱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ምክንያቱ ግን የታወቀ የንግድ ዘዴ ነው። ሠሪው መሣሪያውን በትንሽ ትርፍ ወይም በኪሣራ ሸጦ፥ ትርፉን ከየጨዋታው ሽያጭ፥ ከጆይስቲክና በኢንተርኔት ለመጫወት ከሚከፈለው ደንበኝነት ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የማይክሮሶፍት ኃላፊ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርበው ኩባንያቸው ከኤክስቦክስ መሣሪያ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መመስከራቸው ይህን አሠራር ያረጋግጣል። በኮምፒውተር ንግድ ግን ካርድ ሠሪውም፥ ራም ሠሪውም፥ ገጣጣሚውም እያንዳንዱ በየድርሻው ስለሚያተርፍ መነሻው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ወጪ ደግሞ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ደንበኛው ሊያስብ የሚገባው የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሦስት ወይም የአራት ዓመቱን ድምር ነው። ለአዲሱ ትውልድ የሚወጣ ታላቅ ጨዋታ በውጭ ገበያ 70 ዶላር ያኽል ይሸጣል። አንዱ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ አንዱ ጨዋታ 10,500 ብር ሆነ ማለት ነው። በኮምፒውተር ላይ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቁት ካውንተር ስትራይክ 2፥ ዶታ 2ና ቫሎራንት ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በኮንሶልም እንደ ፎርትናይትና እንደ ኢፉትቦል ያሉ ነፃ ጨዋታዎች አሉ፤ ዳሩ ግን በአገራችን ኮንሶል የሚገዛ ሰው በይበልጥ የሚፈልገው ሰው አሁንም «ፊፋ» እያለ የሚጠራውን፥ ከ2023 ጀምሮ ግን ኢ ኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ ተብሎ በየዓመቱ የሚወጣውን የእግር ኳስ ጨዋታ መሆኑ ይታወቃል።

የምንዛሪው ጉዳይ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዕለት በፊት በባንክ 57 ብር ያኽል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ500 ዶላር የሚገዛ መሣሪያ በ57 ብር ሲታሰብ 28,500 ብር ነበር፤ በ150 ብር ቢታሰብ 75,000 ብር ይሆናል። ይህም የማጓጓዣ፥ የቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በቀድሞው ልማድ ኮንሶል ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋጋው ይወርድ ስለ ነበር ጥቂት መታገሥ ያዋጣ ነበር። አሁን ግን ልማዱ ተገልብጧል። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዲስክ የሚያስገባው ዐይነት በአሜሪካ 499 ዶላር ነበር፤ በነሐሴ 2025 ግን 549 ዶላር ሆኗል። የኤክስቦክስም ዋጋ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። በኮምፒውተርም በኩል ለሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሠሩ ታላላቅ ማዕከሎች የማስታወሻ ቺፕ በብዛት ስለሚገዙ፥ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ንሯል። ስለዚህ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይረክሳል በማለት ብቻ ደንበኛን ማዘግየትም ሆነ ትእዛዝን ማቆየት ዛሬ አስተማማኝ ምክር አይደለም።

ይህ ዶላር ላኪው ቡናውንና ሰሊጡን በውጭ ገበያ ሸጦ ያመጣው መሆኑ ሲታሰብ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰብሮ ለሚጣል ዕቃ ከሚውል ይልቅ ለሚጠገንና ለብዙ ጊዜ ለሚያገለግል ቢውል እንደሚሻል ማንም አይክድም።

ስለ ጉምሩክ አመዳደብ

አስመጪዎች አንዳንድ ጊዜ «ሁለቱም ኮምፒውተር ናቸው» በማለት ለኮንሶልና ለኮምፒውተር አንድ ዐይነት ቀረጥ ይገምታሉ። ይህ ስሕተት ነው። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዐት የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶል ከመጫወቻዎችና ከስፖርት ዕቃዎች ጋር በምዕራፍ 95፥ በቁጥር 9504.50 ይመደባል። ኮምፒውተር ግን በምዕራፍ 84፥ በቁጥር 84.71 ከመረጃ ማቀነባበሪያ መሣሪያዎች ጋር ነው። የምዕራፉ መለያየት የቀረጡን ልክና የሚጠየቀውን ሰነድ ሊለያይ ይችላል።

ከጉምሩክ ቀረጥ በተጨማሪ ሱር ታክስ፥ የተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎችም ክፍያዎች እንደ ዕቃው ዐይነት እየተደራረቡ ስለሚታሰቡ፥ አስመጪው ዋጋ ከመስማማቱ በፊት የታሪፉን መጽሐፍ አይቶ፥ ወይም ከጉምሩክ አስተላላፊው ጋር ተማክሮ፥ ሙሉ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባዋል። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ሒሳብ ለኪሣራ እንጂ ለትርፍ አይረዳም።

ስለ ኤሌክትሪክ

በአገራችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120፥ የጃፓኑም 100 ቮልት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በዚህ በኩል አያሳስብም። ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መሣሪያዎች፥ እንደ መጀመሪያው ወፍራም ፕሌይስቴሽን 2ና እንደ ኤክስቦክስ 360 የኃይል ሳጥን ያሉት፥ ቮልት መቀነሻ ሳይኖር በቀጥታ ቢሰኩ ይቃጠላሉ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣውን ዕቃ የሚገዛ ባለሱቅ ከበስተኋላው የተጻፈውን ቁጥር ሳያነብ እንዳይሰካ እናሳስባለን።

ፕሌይስቴሽን 5 ለራሱ የተሠራውን ጨዋታ ሲያጫውት 200 ዋት ያኽል ይፈጃል። ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ግን በአብዛኛው ከ100 ዋት በታች ነው። በኮምፒውተር በኩል ልዩነቱ እጅግ የሰፋ ነው፤ በ75 ዋት የሚሠራ ትንሽ ካርድ እንዳለ ሁሉ፥ ብቻውን 575 ዋት የሚጠይቅ ታላቅ ካርድም አለ። ብዙ መሣሪያ በአንድ ዲቫይደር ላይ ደራርቦ የሚሰካ ጌም ቤት ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ኮንሶልም ሆነ ዴስክቶፕ እየጻፉት የነበረውን ፋይል ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ስታቢላይዘርና ዩ ፒ ኤስ ከመሣሪያው ጋር አብረው ሊቀርቡ የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ለባለሱቁም ተጨማሪ ሽያጭ ናቸው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ከዚህ ችግር ይድናል፤ ይሁን እንጂ የጨዋታ ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ለገዢው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ለጌም ቤት የሚስማማው

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጆተኒ፥ ፑልና ከረንቡላ ሲያስገኙ የኖሩትን ገቢ ዛሬ ፕሌይስቴሽን ተካፍሎታል። የዚህ ንግድ ጠባይ ቀላል ነው፤ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፥ ሌሎች ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፥ ክፍያውም በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ለዚህ ሥራ ኮንሶል ይመረጣል። አንድ መሣሪያና አንድ ቴሌቪዥን በሁለት ጆይስቲክ ሁለት ከፋዮችን ያስተናግዳሉ። በኮምፒውተር ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሙሉ መሣሪያ፥ አንድ ስክሪንና አንድ ወንበር ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ኮንሶል የሚል ነው። የሚከተለው ሒሳብ ለማሳያ ብቻ የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አለመሆኑን እንገልጻለን። አንድ ወጣት አዲሱን ፕሌይስቴሽን 5 ከነቴሌቪዥኑ በ90,000 ብር አሟላ እንበል። አንዱ ጨዋታ 20 ብር ቢሆን፥ በሰዓት ሦስት ጨዋታ፥ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ የቀኑ ገቢ 480 ብር ይሆናል። ይህ በ26 ቀን ሲባዛ 12,480 ብር ነው። ለዚያ መሣሪያ የሚደርሰው የቤት ኪራይ፥ የመብራት፥ የሠራተኛ፥ የጆይስቲክ ጥገናና የግብር ወጪ 8,000 ብር ቢሆን 4,480 ብር ይተርፋል። ካፒታሉም የሚመለሰው በ20 ወር ግድም ነው።

ያው ወጣት ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከነቴሌቪዥኑ በ40,000 ብር ቢገዛ፥ ሰፈሩም ለጨዋታው ያንኑ 20 ብር የሚከፍል ቢሆን፥ ካፒታሉ በ9 ወር ግድም ይመለሳል። መሣሪያው ከእጥፍ በላይ ሲወደድ ደንበኛው ለአንድ ጨዋታ የሚከፍለው እጥፍ አልሆነም። ስለዚህ ጌም ቤት የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የሰፈሩን የመክፈል ዐቅም ማጥናት እንጂ የመሣሪያውን አዲስነት መከተል አይገባውም። አዲሱን መግዛት የሚያዋጣው ተጫዋቹ ለአዲሱ ብልጫ ያለው ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ በሆነበት ሰፈር ብቻ ነው።

የመሸጋገሩም ነገር ሊታሰብ ይገባል። የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርሱ፥ ነጋዴውም ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ኮንሶል በሻንጣ ተይዞ ይሄዳል፤ ደንበኛው ግን ተይዞ አይሄድም። ስለዚህ ካፒታሉ በአጭር ጊዜ የሚመለስበትን መንገድ መምረጥ ከሁሉ ይልቅ ለጌም ቤት ባለቤት ይበጃል።

በትምህርት ሰዓት የደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ ማስተናገድ ግን የዕለት ገቢ ቢያስገኝም የወላጅን ቅሬታ የሚያመጣ፥ የንግድ ፈቃድንም ለችግር የሚያጋልጥ ተግባር ስለ ሆነ ሊወገድ ይገባዋል።

ለተማሪ የሚስማማው

የአምስት ኪሎ ተማሪ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። የምሕንድስና ተማሪ አውቶካድን፥ ማትላብን፥ ሶሊድወርክስንና እነዚህን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች መጠቀሙ አይቀርም። እነዚህን በደንብ የሚያሠራ ራምና ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ብዙውን ጨዋታም ይችላል። ወላጅ በአንድ ጊዜ ሁለት መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም በሌለው ጊዜ፥ ኮንሶል ገዝቶ ከዚያ በኋላ ለትምህርት ላፕቶፕ መበደር ትርፍ ወጪ ነው።

በኮንሶል ላይ ጨዋታ መጫወት እንጂ ጨዋታ መሥራት አይቻልም። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ለገበያ ማቅረቡ፥ ይህ ሙያ በአገራችን ልጆች እጅ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል። የዚህም ሙያ መሣሪያ ኮምፒውተር ነው።

ለተማሪ የሚሸጥ ላፕቶፕ በሽፋኑ ላይ «ጌሚንግ» ተብሎ መጻፉ ብቻ በቂ አይደለም። የግራፊክስ ካርዱ ስምና ቁጥር፥ የራሙም ልክ ሊታይ ይገባል። ለዛሬ ጨዋታ 16 ጊጋባይት ራም ተገቢ ሲሆን፥ 8 ጊጋባይት የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው።

ዐቅሙ አነስተኛ ለሆነ ገዢ በቢሮ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ፥ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ባለ 75 ዋት ካርድ መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው። እንደ ጂ ቲ ኤክስ 1650 ያሉት ብዙዎቹ በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ቀጭን ሣጥን ላለው ዴስክቶፕ ቁመቱ ያጠረ ካርድ እንደሚያስፈልግ ሳይጣራ መግዛት አይገባም።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚያስመጡ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። በኢንቴል በኩል ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ፕሮሰሰሮች ናቸው። በውጭ አገር ከዚያ በፊት የነበሩት ኮምፒውተሮች በርካሽ የሚሸጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ርካሽነታቸውን ብቻ አይቶ በብዛት ማስገባት ነገ ገዢ የሌለው ክምችት ሊያስከትል ይችላል።

ለቤተ ሰብ የሚስማማው

ለቤተ ሰብ በአብዛኛው ኮንሶል ይመረጣል። በሳሎን ውስጥ በሁሉ ፊት ስለሚቀመጥ ወላጅ ልጁ የሚጫወተውን ያያል። በፕሌይስቴሽን 4ና 5 ላይ ወላጅ የጨዋታ ሰዓት የሚገድብበት መንገድ አለ። በአውሮፓ ታትመው በሚመጡት ዲስኮች ሽፋን ላይ 3፥ 7፥ 12፥ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ይህም የተፈቀደው ዕድሜ መነሻ ነው። ባለሱቁ ይህን ቁጥር ለአባትና ለእናት ቢያሳያቸው አንድ ዲስክ ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል፤ የቤተ ሰቡን እምነት ግን ያተርፋል።

ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ከሆነና ልጆቹ ከፍ ወዳለ ክፍል የደረሱ ከሆነ ግን አስቀድሞ ኮምፒውተር እንዲገዙ መምከር የሐቀኛ ነጋዴ ተግባር ነው።

በውድድር ለሚጫወት

በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ተኩስና ስልት ለሚወዳደር ሰው ማውስና ኪቦርድ የተሻሉ ስለ ሆኑ ኮምፒውተር ይመረጣል። የእግር ኳስ ተወዳዳሪ ግን በጆይስቲክ ስለሚጫወት፥ ባልንጀሮቹም የሚገኙት በኮንሶል ላይ ስለ ሆነ፥ ኮንሶል ይበቃዋል። ለሁለቱም ቢሆን ከመሣሪያው ጉልበት ይልቅ የኢንተርኔቱ ፍጥነትና አለመቋረጥ ይወስናል። ዛሬ አንድ ታላቅ ጨዋታ ከ100 ጊጋባይት የሚበልጥ ሊሆን ስለሚችል፥ የዳታ ወጪውም ከዋጋው ጋር ተደምሮ ሊታሰብ ይገባል።

ዲስክ ያለውና ዲስክ የሌለው

የዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው ኮንሶሎች በዋጋ ረከስ ብለው ይታያሉ። ፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታልና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከእነዚህ ናቸው። በእነርሱ ላይ ጨዋታ የሚገኘው በአብዛኛው በኢንተርኔት ተገዝቶ ነው። ኢትዮጵያ ግን የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድም በውጭ መደብር አይከፍልም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ ሰው በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ካልተረዳ ሊቸገር ይችላል።

ዲስክ ያለው ግን ሌላ ጥቅም አለው። የጨረሱትን ዲስክ መሸጥ፥ መለወጥ ወይም ማዋስ ይቻላል፤ ለባለሱቁም ያገለገለ ዲስክ መግዛትና መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። የፕሌይስቴሽን 4ና 5 የጨዋታ ዲስኮች በየትኛውም አገር ቢገዙ በሌላው አገር መሣሪያ ላይ ይሠራሉ። ከጥቂቶች በስተቀር የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ዲስክ በሚያስገባው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራል፤ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ግን በፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም። ይህን ሳያውቁ ሸጦ ከደንበኛ ጋር መካሰስ ቀላል ነው።

ስለ ተገለበጡ ጨዋታዎችም መናገር ግድ ይሆንብናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው የፈጠራ ባለቤትን ለመጠበቅ ነው። መቆለፊያው ተሰብሮ የመጣ ኮንሶል ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ሊታገድ ስለሚችል፥ ገዢው ሳያውቅ እንዲገዛ ማድረግ የንግድን ክብር ያጎድላል።

ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚበጁ ምክሮች

አንደኛ፥ ከመሣሪያው ጋር መለዋወጫ ማስመጣት ያስፈልጋል። በጌም ቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚያልቀው ጆይስቲክ ነው። የጆይስቲክ ማዞሪያ፥ የማቀዝቀዣ ማራገቢያ፥ የኤች ዲ ኤም አይ ማስገቢያና የኃይል ሰሌዳ ቦታ የማይዙ፥ ሁልጊዜም ፈላጊ የማያጡ ዕቃዎች ናቸው።

ሁለተኛ፥ የአምራቹ ዋስትና ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል፥ ባለሱቁ በራሱ ስም በጽሑፍ የሦስት ወይም የስድስት ወር ዋስትና ቢሰጥ ከጎረቤቱ ልቆ ይታያል። ዋስትናውንም ለመወጣት ከአንድ የታመነ ጠጋኝ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

ሦስተኛ፥ ያገለገለ ኮንሶል ሲገዙ በደጅ አብርቶ ማየት አይበቃም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያኽል ከባድ ጨዋታ ማጫወት፥ የማራገቢያውን ድምፅ ማዳመጥ፥ ዲስክ ማስገባትና ማውጣት፥ ኢንተርኔት አያይዞ አለመታገዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ መግዛት የሌባን ገበያ ማስፋት ነው።

አራተኛ፥ በመደርደሪያ ላይ አንድ ዐይነት ዕቃ ብቻ አለመከመር ይበጃል። በአምስት ኪሎ አካባቢ ያለ ባለሱቅ ለተማሪ የሚስማማውን ላፕቶፕ ሲያበዛ፥ በመኖሪያ ሰፈር ያለው ደግሞ ኮንሶልና ጆይስቲክ ቢያበዛ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የምንረዳው፥ «የቱ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አለመኖሩን ነው። ባለሱቁ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መሣሪያው ፊት የሚቀመጠው ማን ነው? ከጨዋታ ሌላ ምን ይሠራበታል? ገንዘቡስ የሚመለሰው እንዴትና በስንት ጊዜ ነው? ጎን ለጎን ተቀምጦ ለሚጫወትና በጨዋታው ገቢ ለሚያገኝ ኮንሶል፥ ብቻውን ተቀምጦ ለሚማርና ለሚሠራ ኮምፒውተር ይስማማል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ሳይጠየቅ የተሸጠ ዕቃ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል። ያ የእቁቡን ገንዘብ ይዞ የመጣው ወጣት ውድ የሆነውን አዲስ መሣሪያ ሳይሆን ለሰፈሩ የሚበቃውን ገዝቶ ቢሄድ፥ የዕለቱ ሽያጭ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን በዓመቱ ካፒታሉን መልሶ ሁለተኛውን መሣሪያ ለመግዛት የሚመጣው ወደዚያው ሱቅ ነው።